ከበረዶና ከመጋዝ እስከ ሲቲ ስካን፤ የሰውነት አግድም ቁራጭ ትምህርት ታሪክ

የሕክምና ተማሪ የሰውነትን አሠራር የሚማረው በአብዛኛው ከፊት ወደ ኋላ ነው። ቆዳው ይገለጣል፤ ጡንቻው ይነሣል፤ ሆድዕቃው ይከፈታል። ጉበት በስተቀኝ፣ ጣፊያ በስተግራ፣ አንጀት ከመካከል ሆነው ይታያሉ። ይኸው ተማሪ ሐኪም ሆኖ ከሲቲ ስካን ፊልም ፊት ሲቆም የሚያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውነቱ እንደ ግንድ በአግድም ተቆርጦ ከእግር በኩል ወደ ራስ እየታየ ቀርቧል። የሚያውቃቸው ብልቶች ቅርጻቸውን ለውጠዋል፤ የታማሚው ቀኝ ጎን በፊልሙ ግራ በኩል ወድቋል። ይህን ገጽ ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ይጠይቃል። ትምህርቱም መሣሪያው ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የተጀመረ ነው።

ሰውነትን ቆርጦ የማየት ሐሳብ ጥንታዊ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተቆረጠ እግር ሥሏል፤ ቬሳሊየስም እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ አንጎልን ከላይ ወደ ታች በየደረጃው እየቆረጠ አሳይቷል። ይሁን እንጂ አንጎል በራስ ቅል የተያዘ ስለሆነ ይሆናል እንጂ፣ ሆድና ደረት በዚህ መንገድ አይቆረጡም። ለስላሳው አካል በመጋዝ ሲነካ ይንሸራተታል፣ ይቀደዳል። ደረት ሲከፈት አየር ይገባና ሳንባ ይኮማተራል፤ ልብም ከቦታው ይሸሻል። ስለዚህ የአናቶሚ ሊቃውንት ለዘመናት ሲጽፉ የኖሩት ብልቶች ከተከፈቱ በኋላ ስለያዙት ቦታ ነበር።

ይህን ችግር በሰፊው የፈታው የሩሲያው ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎቭ ነው። ፒሮጎቭ እ.ኤ.አ. በ1841 በሴንት ፒተርስበርግ በነበረው የሕክምናና ቀዶ ሕክምና አካዳሚ ማስተማር ጀመረ። የከተማዋ ክረምት እጅግ ብርቱ ስለሆነ በገበያ የሚሸጠው የታረደ እንስሳ ሥጋ እንደ እንጨት ደርቆ በመጋዝ ይቆረጥ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ይህን አይቶ እንደሆነ ይነገራል። አስከሬን በብርቱ ብርድ ፍጹም እስኪጠጥር ድረስ ያቆይና በእንጨት ሠራተኞች መጋዝ ቀጫጭን አድርጎ ይቆርጠዋል። ከቁራጩ ገጽ ላይ የበረዶውን ፍርፋሪ በውኃ ያጥብና በካሬ በካሬ የተሠመረ መስታወት ያስቀምጥበታል። ከዚያም የታየው ሁሉ መጠኑን ሳይለውጥ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ በተሠመረ ወረቀት ላይ ይሣላል። የሠዓሊው እጅ ማሳመር አይፈቀድለትም ነበር፤ ካሬው ይዞታል።

ፒሮጎቭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልቆረጠም። በአግድም፣ በቁመት ከፊት ወደ ኋላ፣ እንደገናም በቁመት ከጎን ወደ ጎን ቆርጧል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. ከ1852 እስከ 1859 በላቲን ቋንቋ የታተመው፣ ከ200 በላይ ሙሉ ገጽ ሥዕሎችን የያዘው አትላስ ነው። ሥራው በሚታተምባቸው ዓመታት ደራሲው በክራይሚያ ጦርነት በሴቫስቶፖል ቁስለኞችን ሲያክም ነበር። ቁርጥራጮቹን የፈለጋቸውም ለዚሁ ሙያው ነው፤ ቢላዋ ወይም ጥይት ከቆዳ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲሄድ በየትኛው ጥልቀት ምን እንደሚያገኝ ማወቅ ነበረበት። (የሌሎችን አስከሬን በበረዶ እያደረቀ ይቆርጥ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 ሲሞት የእርሱ አስከሬን በመድኃኒት ተጠብቆ፣ ዩክሬን ውስጥ በቪኒትሲያ አጠገብ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ሳይነካ እንዲቀመጥ ተደርጓል።)

ከፒሮጎቭ ቀጥሎ በጀርመን አገር የላይፕዚጉ ቪልሄልም ብራውነ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1872 በቀለም የተዋበ አትላስ አወጣ። የመውለጃ ጊዜዋ ደርሶ የሞተች ሴት አስከሬን በቁመት ተቆርጦ ጽንሱ በማኅፀን ውስጥ እንዳለ የሚያሳየው ሥራው በማዋለድ ሕክምና ዘንድ ዝናን አትርፏል። በአሜሪካም አይክልሻይመርና ሾሜከር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1911 አግድም ቁራጭን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ አሳተሙ።

ከዚህ በኋላ ግን ዝምታ ሆነ። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ራጅ ሐኪሙን ያስለመደው ጥላ ማንበብን ነው፤ ደረት፣ ልብና አከርካሪ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የሚታዩበትን ጥላ። አግድም ቁራጭ ፈተና የማይወጣበት፣ አዋቂዎች ብቻ የሚያደንቁት ዕውቀት ሆኖ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ከመደርደሪያው ያወረደው ሐኪም አልነበረም፤ በእንግሊዙ ኢ ኤም አይ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ የፊዚክስ ምሁሩ አለን ኮርማክ በኬፕታውን ግሮተ ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ ባሰበው ነገር ላይ ተመሥርቶ የሒሳቡን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1963 እና 1964 አሳትሞ ነበር፤ ነገር ግን ልብ ያለው አልነበረም። የሃውንስፊልድ የመጀመሪያ የሙከራ መሣሪያ አንዱን ምስል ለመለካት 9 ቀናት ይፈጅበት ነበር። ለሙከራም የበሬ አንጎል ከቄራ እያስመጣ ይጠቀም ነበር። የፒሮጎቭ ሐሳብ ከሥጋ ገበያ እንደመነጨ ሁሉ፣ ይኸኛውም ያለ ሥጋ ሻጭ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ በራዲዮሎጂስቱ ጄምስ አምብሮስ ክትትል፣ የአንጎል ዕጢ አለባት ተብላ የተጠረጠረች ሴት ተነሣች። ምስሉ የተሠራው በ80 በ80 ካሬዎች ነበር፤ ዛሬ ሲታይ ሻካራ የጥልፍ ሥራ ይመስላል። ዕጢው ግን በግንባሯ በኩል ጎልቶ ታየ። በቀዶ ሕክምናም የተገኘው ምስሉ ያሳየው ነበር። ኮርማክና ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

አሁን ችግሩ የአንባቢው ሆነ። በጥላ የሠለጠነው የራጅ ሐኪም በአንድ ጊዜ ቁራጭ ማንበብ ተጠየቀ። ምስሉን ከየት በኩል ማየት እንደሚገባ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስምምነት አልነበረም። አንጎልን የሚቀድዱ ሐኪሞች በቀዶ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያዩት ከራስ ቁልቁል ማየትን ሲመርጡ፣ ሌሎች ከታማሚው እግር በኩል ቆሞ ማየትን መረጡ። በመጨረሻ ሁለተኛው ጸና። ጉዳዩ የልማድ ብቻ አይደለም፤ ግራና ቀኝ የተሳሳተበት ሐኪም የራስ ቅልን በጤነኛው ጎን ይከፍታልና።

ከዚህ የባሰው አስቸጋሪ ነገር ቅርጽን መልሶ መገንባት ነው። ሸንኮራ አገዳ ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ ክብ፣ በሰያፍ ሲቆረጥ ሞላላ፣ በቁመት ሲሰነጠቅ ረጅም ሰሌዳ ይሆናል፤ አገዳው ግን ያው ነው። በሳንባ ቁራጭ ላይ የታየች ክብ ነጥብ የደም ቧንቧ ልትሆን ትችላለች፤ የካንሰር ጅማሬም ልትሆን ትችላለች። ነጥቧ ብቻዋን መልስ አትሰጥም። አንባቢው ወደ ላይና ወደ ታች ያሉትን ቁራጮች ሲከተል ከቅርንጫፍ ጋር ከተያያዘች ቧንቧ ናት፤ በሁለት ሦስት ቁራጭ ውስጥ ተወልዳ ከጠፋች ጥርጣሬው ይጸናል። በሆድ ውስጥም የግራው ኩላሊት ደም መልስ በአኦርታና ከእርሱ በሚወጣው የላይኛው የአንጀት ደም ቅዳ መካከል ሾልኮ ሲያልፍ ያየ ሰው የቆሽትን ቦታ ለማግኘት አይቸገርም። እንዲህ ያለው ምልክት ከፊት ወደ ኋላ በተደረገ ጥናት በቀላሉ አይገኝም። በሲቲ ስካን ብቻ የሚወሰንም አይደለም፤ በአልትራሳውንድ ጽንስ የምታይ አዋላጅ ነርስም የምታነበው ቁራጭ ነው፤ ያውም እጇ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አቅጣጫው የሚለዋወጥ።

አሮጌዎቹ አትላሶች በዚህ ረገድ ባለውለታ ቢሆኑም፣ በሁሉ ነገር የሚታመኑ አልነበሩም። አስከሬን አይተነፍስም፤ ደም ሥሮቹም ያለ ግፊት ይኮማተራሉ። በሕይወት ያለ ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ አየር ስቦ ሲይዝ ድያፍራሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጉበትና ኩላሊትም አብረውት ይወርዳሉ። ስለዚህ መጻሕፍት ለየብልቱ የመደቡት የአከርካሪ ደረጃ በሕያው ሰው ምስል ሲመረመር ከሰው ሰው የሚለያይ ሆኖ ተገኝቷል። ኤም አር አይ ሲመጣ ደግሞ የፒሮጎቭ ሦስት አቅጣጫዎች ሁሉ ያለ መጋዝ በአንድ ታማሚ ላይ ታዩ።

የመጋዙ ዘመን ግን በዚህ አላበቃም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሙሉ የሰው አካል በምስል እንዲመዘገብ ወስኖ ሥራውን ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። የወንዱ አስከሬን እ.ኤ.አ. በ1993 በቴክሳስ በሞት የተቀጣ የ39 ዓመት እስረኛ ነበር። አስከሬኑ በብርቱ ቅዝቃዜ ደርቆ እንደ ፒሮጎቭ በመጋዝ አልተቆራረጠም፤ ገጹ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊ ሜትር እየተፋቀ በየደረጃው ፎቶግራፍ ተነሣ። ሲያልቅ 1,871 ምስሎች ቀሩ፤ አካሉ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1995 የ59 ዓመት ሴት ምስሎች በሚሊ ሜትር ሲሶ ውፍረት ተጨመሩ።

በፒሮጎቭ ዘመን የሟችን ፈቃድ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም። እስረኛው ግን አስከሬኑ ለሳይንስ እንዲውል ፈቅዶ ነበር። ሞት የተፈረደበት ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ነጻ ነው የሚለው ክርክር ምስሎቹ ከወጡ ጀምሮ ተነሥቷል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ሌላም ነገር አለ። ይህ ሰው በብዙ አገሮች የወንድ አካል መማሪያ ሲሆን፣ ትርፍ አንጀቱ በሕይወት ሳለ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ነበር። አንዱ የዘር ፍሬውም አልነበረም። ሴትዮዋ ደግሞ የመውለጃ ዕድሜዋን ያለፈች ነበረች። በእነዚህ ምስሎች የሚማር ተማሪ በወንዱ ሆድ ቀኝ ታችኛ ክፍል ያሉትን ቁራጮች አንድ በአንድ ቢያገላብጥ ትርፍ አንጀትን አያገኝም።