የተዳፋት ግቢ ተክሎች (ጨፋ ሮቢት)

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ የጨፋ ሜዳ አልቆ መሬቱ ሽቅብ በሚነሣባቸው ግቢዎች ተክል የሚመረጠው በመጀመሪያ ለሥሩ ነው። አበባው ይቆየን። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወስዳል፤ ከዚያ የሚመጣው በጋ ደግሞ ረጅምና ሞቃት ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ቬቲቨር ነው። ሣሩ በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ በጅማ ምርምር ማዕከል በኩል አገር ውስጥ ገባ። ሥሩ ቁልቁል እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። ለም ዘር ስለማይሰጥ ያለቦታው አይዛመትም፤ የሚባዛው ጉቶው ተገንጥሎ ነው። ቅጠሉ ስንዝር ያህል ቀርቶ ይቆረጣል፣ ሥሩ ይከረከማል፣ ክረምት ሲገባ ተዳፋቱን አግድም በያዘ መስመር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ይተከላል። ሲጠጥር የሚወርደውን ደለል ከኋላው ያስቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ድንጋይ ያልተካበበት እርከን ይሆናል። በመስመሩ ላይ አንድ ጉቶ ከደረቀ ግን ጎርፉ በዚያች ክፍተት ይሾልካልና ቶሎ መተካት አለበት።

ላም ያለው ሰው ዝሆኔ ሣር ቢጨምር ይጠቀማል። በደጋው የተመሰገነው ደሾ ሣር ለዚህ ቆላ ቀመስ አየር እምብዛም አይመችም። ደረቁን አናት ክትክታና እሬት ይችሉታል፤ እርጥበት የሚይዘው ግርጌ ለሙዝ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ቢያድግም ከሥሩ ሣር ስለማይበቅል መሬቱን ራቁቱን ያስቀረዋል።