ክሮቼራ በልቷል

አሮጌ ላንድሮቨር ማርሽ ሲገባለት ከሆዱ «ቋ» ካለ፣ መካኒኩ ብዙ አይመራመርም፤ «ክሮቼራ በልቷል» ይላል። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ የብረቱን የመስቀል ቅርጽ ይጠራል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያለ የሚቀጥለው የጋራዥ አማርኛ ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው።

ዕቃው ግን ከመኪና ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፀሐይ መመልከቻ መሣሪያ አሰበው። አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር እ.ኤ.አ. በ1903 ለመኪና የሚሆነውን በስሙ አስመዘገበ።

ጣጣው ያኔም ይታወቅ ነበር። ዘንጉ ዘንበል ብሎ ሲዞር አንዱ ወገን እኩል ቢሽከረከርም፣ ሌላው በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ለዚህ ነው ዘንጉ በሁለት ጫፉ ክሮቼራ ያለው፤ የመሃል ሹካዎቹ በአንድ መስመር ከቆሙ የአንዱን ጥፋት ሌላው ያርመዋል።

ስለዚህ ጎበዝ መካኒክ ዘንጉን ሳይፈታ ይጭረዋል። ከዚያ ቀለበቶቹን አውጥቶ፣ ኩባያዎቹን በሞርሳ ተጭኖ ያስለቅቃል። አዲሱን ሲገጥም እንደ መርፌ የቀጠኑትን ሮሎች በግራሶ ያጣብቃል፤ አንዷ ከተጋደመች ኩባያው እስከ ቦታው አይገባም። ጭረቱን ስቶ የገጠመ ግን፣ ክሮቼራው አዲስ ቢሆንም መኪናው ይንቀጠቀጥበታል።

ይህን ጭረት መካኒኩ ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ከአለቃው ነው፣ አለቃውም ከአለቃው። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አሮጌዎቹ ሲያልቁ ቃሉም ጭረቱም አብረው ይሄዳሉ። የሚያውቁት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ነው።