የሁለት ወንዞች መብራት



ከሲያትል ወደ ደቡብ ወርዳችሁ በኦሪገን በኩል የኮሎምቢያን ወንዝ ብትከተሉ፣ ዘ ዳልስ ከተማ አጠገብ ሲላይሎ የሚባል ትልቅ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ታገኛላችሁ። ምንነቱን ሳንጠይቅ ያለፍነው ብዙዎች ነን። ይህ ጣቢያ ግን በወላይታ ሶዶ የሙያ ወንድም አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ ኤሲ የሚሉት፣ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጠው ነው። ረጅም መንገድ ሲሄድ ብክነቱ ይበዛል። ሁለት አገሮች በኤሲ ከተገናኙም እኩል መራመድ አለባቸው፤ አንዱ ቢደናቀፍ ሌላውን ይዞ ሊወድቅ ይችላል። መቀየሪያ ጣቢያ ኤሲውን ወደ አንድ አቅጣጫ ወደሚፈሰው ዲሲ ይለውጠዋል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ጣቢያ መልሶ ኤሲ ያደርገዋል። ስንት ኃይል ወዴት እንደሚሄድም ሰው ይወስናል።

ሲላይሎ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ሲጀምር የኮሎምቢያን ግድቦች 1,360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ሎስ አንጀለስ ጋር አገናኘ። በሙቀቱ ወራት ካሊፎርኒያ ለማቀዝቀዣ፣ በብርዱ ወራት የእኛ አካባቢ ለማሞቂያ ኃይል ይሻሉ፤ አንዱ ለሌላው ይደርሳል።

በአገራችንም ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመር ተዘርግቷል። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል፤ ሽያጩ በ2022 በ200 ሜጋ ዋት ውል ተጀመረ። መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ፣ ድርቅ ግድቦቻችንን ቢያጎድል ኬንያም ከምድር እንፋሎቷ ልትሸጥልን ትችላለች።

ደስታው ግን ሒሳቡን አያስረሳን። ሲላይሎ ስሙን የወረሰው ከፏፏቴ ነው። ነባር ሕዝቦች ለሺህ ዓመታት ሳልመን ያጠምዱበት የነበረውን ያን ፏፏቴ በ1957 የዘ ዳልስ ግድብ ውኃ ዋጠው። በታችኛው ኦሞ የሚኖረው ሕዝባችንም የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ያንን ሙላት አስቀረው። ከኢትዮጵያ ሕዝብም ወደ ግማሽ የሚጠጋው መብራት የለውም።

ይህን የምለው ሽያጩን ለመንቀፍ አይደለም። እሳት ሊጭር የመጣን ጎረቤት ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው። ግን እንጨቱን የለቀሙት ልጆችም ከምድጃው ዳር መሞቅ አለባቸው። ስለ ኤሌክትሪክ ሽያጭ የዶላር ወሬ ስትሰሙ፣ «ለኦሞ ዳርቻ ሰው ምን ደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ።