በገዛ ከተማዬ እንግዳ ሆኜ ዋልኩ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ሕግ ስማር በስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ሥር ለዓመታት ተመላልሻለሁ፤ የተቀረፀበትን ግን አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁም። ባለፈው ቅዳሜ መኪናዬን ቤት ትቼ እንደ ቱሪስት ወጣሁ።

መንገዱ በእግር የሚያልቅ ነው። መነሻው የአራት ኪሎ የድል ሐውልት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ከተማዋ የገቡበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ያስታውሳል። ሽቅብ ሲሉ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን ያገኛሉ። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ (ሉሲ) እዚያ ናት። ዘወትር ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው።

ስድስት ኪሎ ሲደርሱ ሐውልቱን ይዙሩት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት የፈጁት ሕዝብ ተቀርፆበታል። ቦምቡ የተወረወረው እዚያው ማዶ፣ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በሆነው ቦታ ነው። በቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ደጁ ላይ ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን ለመቁጠር የሠሩት ደረጃ አለ፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

እንደ ሕግ ሰው አንድ ነገር ከነከነኝ። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈርዶበት፣ በጥቂት ወራት ተለቋል። ክሱም ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ እንጂ በአዲስ አበባ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም። ያልተከፈተው መዝገብ ይኸው ሐውልት ነው፤ ቢያንስ ቆመን እናንብበው።