ከውኃ ጉድጓድ እስከ ጓሮ፦ የሞያሌ የጋራ ሥራ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወስደው ዋና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ሞያሌ ይደርሳል። እዚያም አያበቃም፤ ድንበሩን ተሻግሮ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ናይሮቢ ይገባል። ከተማይቱም እንደ መንገዱ ናት። ግማሿ በኢትዮጵያ፣ ግማሿ በኬንያ ምድር ላይ ትገኛለች። በሁለቱም ወገን ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂውና ኮንሶው ይኖራሉ፤ ይጋባሉ፤ ይገበያያሉ።

በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ ደቡብ ድንበራችን ታሪክ ስንወያይ ከሠልጣኞቻችን አንዱ «የሞያሌ ሰው የሚበላውን ከየት ያገኛል?» ሲል ጠየቀን። «ከገበያ» የሚለው መልስ ከየወንበሩ ተሰማ። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ገበያው መንገዱ ሲዘጋ ምን ይሆናል? ዝናብ ሲጠፋና ከብት ሲያልቅ በምን ይገዛል? ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የጂኦግራፊ ቢመስልም መልሱ በታሪክ ውስጥ ይገኛል።

በመጀመሪያ ስለ ድንበሩ ጥቂት እንበል። በአፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል የድንበሩን መስመር የወሰነው ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1907 ነበር። ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1970 በውል አጸኑት። የ1907ቱ ስምምነት አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ነበረው። ይኸውም በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን ባለው የግጦሽ መሬት የመጠቀምና ወደ ውኃ ጉድጓዶች በነፃነት የመድረስ መብት እንዲኖራቸው መፍቀዱ ነው። ድንበር ያሰመሩት ሰዎች እንኳ በዚያ አገር ሣርንና ውኃን ለሁለት መክፈል ሕይወትን ለሁለት መክፈል እንደሆነ ሳይገነዘቡት አልቀሩም።

በእርግጥም የአካባቢው ሕዝብ የጋራ ሥራ ትምህርት ቤት የውኃ ጉድጓድ ነው። ከሞያሌ በስተሰሜን በዱብሉቅና በሌሎችም ሥፍራዎች «ቱላ» የሚባሉ ዘጠኝ የጥልቅ ጉድጓድ ማዕከሎች አሉ። ከጉድጓዶቹ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ውኃው የሚወጣው በሰው ሰንሰለት ነው፤ ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። አንድ ሰው ብቻውን ከዚያ ጉድጓድ አንድ ላም ማጠጣት አይችልም።

ሥራው ያለ ሥርዓት የሚካሄድ አይደለም። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው ወይም ወራሹ «አባ ኮንፊ» ይባላል። የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ነው። የማን ከብት ቀድሞ፣ የማን ተከትሎ እንደሚጠጣ አስቀድሞ ይታወቃል። ጉልበቱን ያላዋጣ ተራ አያገኝም። ከዚህም ጋር «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል የመረዳጃ ልማድ አለ፤ በዚህም ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሣው ጥቂት ከብቶች ተሰጥተውት እንደገና ይቋቋማል። ይህ ሁሉ የተሠራው ያለ ጽሕፈት ቤትና ያለ ማኅተም ነው።

አንባቢ «ይህ የአርብቶ አደር ታሪክ ነው፤ እርሻው የት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እርሻውን ወደ ሞያሌና ወደ ማርሳቢት በማስፋፋት ረገድ ከፍ ያለ ድርሻ የነበራቸው የቡርጂ ገበሬዎች ናቸው። ቡርጂ ከጫሞ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ደጋ የሚኖር፣ በአራሽነቱ የታወቀ ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ የገባር ሥርዓት በላዩ ተጫነ። ብዙ ቤተሰቦችም ከገባርነቱ ሸሽተው ወደ ደቡብ ወረዱ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት በሞያሌና በማርሳቢት ተራራ ሠፈሩ። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደርም ለፖሊሶቹና ለሠራተኞቹ እህል ያስፈልገው ስለነበር አራሾቹን ተቀበላቸው። ዛሬ በማርሳቢት ተራራ ላይ ጤፍ ሲዘራ የሚያይ መንገደኛ የዚህን ፍልሰት ታሪክ በዓይኑ እያየ ነው ማለት ይቻላል።

ከኮንሶም የመጡ ቤተሰቦች አሉ። የኮንሶ ሕዝብ ድንጋያማውን ተራራ በድንጋይ እርከን ከፍሎ አፈሩንና ውኃውን በመጠበቅ ከ400 ዓመታት በላይ ኖሯል። ይህ የእርከን መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የኮንሶ ሴት ጓሮዋ ውስጥ ሽፈራው ትተክላለች። ሽፈራው ድርቅን ስለሚችል ሌላው አትክልት ሲጠወልግ እሱ ቅጠሉን ለወጥ ያቀርባል። የተፈጥሮ አገሩም ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። ይህ ዛፍ ከድንበሩ መስመር በፊት በሁለቱም በኩል ነበረ።

እንግዲህ በሞያሌ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ጎን ለጎን መኖሩን እናያለን። አንደኛው ጉልበትን አስተባብሮ በተራ የመጠቀም ዕውቀት ነው፤ ይህ የጉድጓዱ ነው። ሁለተኛው በትንሽ መሬትና በትንሽ ውኃ የቤተሰብን ወጥ የማብቀል ዕውቀት ነው፤ ይህ የጓሮው ነው። ሁለቱ ቢጋቡ ምን ሊወለድ እንደሚችል ከማየታችን በፊት፣ የጋራ እርሻ በአገራችን አንድ ጊዜ በስፋት ተሞክሮ እንዴት እንደፈረሰ ማስታወስ ይገባናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አስወገደ። ከዚያ በኋላ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሦስት ደረጃ እንዲቋቋሙ ተደረገ። በመጀመሪያው ደረጃ፣ በመልባ፣ መሬቱ ሲዋሐድ አባሉ ለግሉ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር ያስቀር ነበር። በወልባ ይህ ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ዝቅ አለ። በወላንድ ጭራሹን ቀረ። ይህ ማለት ማኅበሩ «ባደገ» ቁጥር ጓሮው ጠበበ ማለት ነው። ገበሬው ስንት እንደሚሠራ እንጂ ስንት እንደሚያገኝ አስቀድሞ አያውቅም ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅና መውጣት ሲፈቀድ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ።

ከዚህ ተነሥቶ «የጋራ ሥራ ለእኛ አይሆንም» የሚል መደምደሚያ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የቱላ ጉድጓድም የጋራ ሥራ ነው፤ ደቦና ወንፈልም የጋራ ሥራዎች ናቸው፤ እነዚህ ግን አልፈረሱም። ልዩነቱ የት ላይ ነው? በጉድጓዱ ዘንድ የሠራው ሰው ድርሻውን በዚያው ዕለት ያያል፤ ላሙ ስትጠጣ ይመለከታል። ተራ አስከባሪውን ያውቀዋል፤ ይከራከረዋል። በታዘዘው ማኅበር ውስጥ ግን ሥራው የጋራ ሲሆን ውሳኔው ከላይ የሚመጣ ነበር።

የውጭው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ዜጎቹ የሣር ሜዳቸውን ሳይቀር ቆፍረው አትክልት እንዲተክሉ ቀሰቀሰ። በአሜሪካም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጓሮ እርሻዎች ተስፋፉ። ሕዝቡ የለፋበትን ራሱ ስለበላው ሥራው ሠመረ። በኬንያ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 «ፎር ኬ» የተባሉት የተማሪዎች የእርሻ ክበቦች ተቋቋሙ። የስሙ ትርጉም «መተባበር፣ መሥራት፣ ኬንያን መርዳት» ማለት ነው። ክበቦቹ ከተዳከሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና ተነቃቅተዋል። በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» በሚል ስም ቤተሰብ ወተቱን፣ እንቁላሉንና ማሩን በራሱ እንዲያመርት የሚያበረታታ መርሐ ግብር ተጀምሯል።

ጉዳዩ ለሞያሌ ለምን ይበልጥ አንገብጋቢ እንደሆነ የቅርብ ዓመታት ይነግሩናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኬንያ ሞያሌ በተነሣው የጎሣ ግጭት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ደግሞ በኢትዮጵያ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ተሻገሩ። አንዱ ወገን ሲነድ ሌላው ወገን ጎረቤቱን አስጠግቷል። ከእ.ኤ.አ. 2020 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅቶች ቀረ። በቦረናና በሰሜን ኬንያ ከብቱ በየሜዳው አለቀ። ሀብቱ ሁሉ ከብት የነበረ ቤተሰብ ከገበያ የሚገዛበት አጣ።

የጓሮ አትክልት እንዲህ ያለውን ድርቅ ያሸንፋል አንልም። ጎመን ላምን አይተካም። ነገር ግን የዕቃ ማጠቢያ ውኃ የሚጠጣ አንድ ጆንያ አፈር፣ በጎኑ ቀዳዳዎች ጎመን ተተክሎበት፣ ለአንድ ቤት ወጥ ይሆናል። በናይሮቢ የኪቤራ መንደር ነዋሪዎች በእንዲህ ያለ የጆንያ ጓሮ ተጠቅመዋል። ኬንያውያን የሚወዱትን ቅጠል «ሱኩማ ዊኪ» ይሉታል፤ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው። ሳምንትን መግፋት ትንሽ ነገር አይደለም።

ውድ መምህራን፣ በዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር እንጨምር። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ጓሮ ነበር፤ የሚኮተኩተው ግን ያረፈደና የረበሸ ተማሪ ነበር። ቆፍረናል፤ የበቀለውን ግን ቀምሰን አናውቅም። ከዚያ ጓሮ የተማርነው እርሻ ቅጣት መሆኑን ብቻ ነው። ዛሬ ሠልጣኞቻችን ወደየትምህርት ቤቱ ሲሄዱ ይህን ስሕተት ይዘው እንዳይሄዱ እንሰጋለን።

ስለዚህ የትምህርት ቤትን ጓሮ እንደ ቱላ ጉድጓድ እናደራጀው። ተማሪዎች የራሳቸውን አባ ሄሬጋ ይምረጡ። የውኃ ማጠጫ ተራ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ። የሠራ ሁሉ ከምርቱ ድርሻውን በዓይኑ አይቶ ወደ ቤቱ ይውሰድ። ለደረቅ አገር ሽፈራው ይቀድም። ማንም ተማሪ በቅጣት ወደ ጓሮው አይላክ። የታሪክ መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ «ቤተሰባችን ይህን ዘር ከየት አመጣው? ከማን ጋር ይቆፍር ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ ያድርግ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ሠልጣኛችን ላነሣው ጥያቄም አሁን የተሟላ መልስ መስጠት እንችላለን፦ የሞያሌ ሰው የሚበላውን ከገበያም፣ ከመንጋውም፣ ከጎረቤቱም፣ ከጓሮውም ሲያገኝ ኖሯል። ከአራቱ በትምህርት ቤት ልናስተምረው የምንችለው ጓሮውን ነው፤ እሱንም በሚገባ እናስተምር።