በገደላማ ደሴት ዙሪያ የባሕር ጅረት በምን ይለካል?

እኛ በቂርያት ጋት የካርሜ ጋት ሰፈር ነዋሪዎች ባሕር በደጃችን የለም። ይሁንና ከወገኖቻችን መካከል ቀይ ባሕርን በመርከብ ያቋረጡ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ «ባት ጋሊም» የተባለችው የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ጠረፍ በሌሊት እያነሣች ወደ ሰሜን አጓጉዛለች። ከዚያ በኋላ በዚሁ ስም የተጠራች ሌላ መርከብ ደግሞ በእስራኤል የባሕርና የሐይቆች ምርምር ተቋም ሥር ለባሕር ጥናት ተሰማርታለች። ለመሆኑ እንዲህ ያለች መርከብ የማይታየውን ጅረት በምን ትለካለች?

ቦታው

ከቀይ ባሕር ወደ ኤይላት ባሕረ ሰላጤ የሚያስገባው የቲራን ሰርጥ ነው። ባሕረ ሰላጤው ከ1,800 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ የሰርጡ ደፍ ግን 250 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በቲራን ደሴትና በሲና መካከል የኮራል አለቶች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ጨዋማነቱ ያነሰ ውሃ ከላይ ይገባል፤ በትነት የከበደው ጨዋማ ውሃ ከታች ይወጣል። ይህ ልውውጥ ካልታወቀ ሙቀትና ብክለት የኤይላትን ኮራል እንዴት እንደሚጎዱ በትክክል ማስላት አይቻልም።

መሣሪያዎቹ

1. በድምፅ የሚሠራ የጅረት መለኪያ፦ ከመርከቧ ሆድ ሥር ሆኖ ድምፅ ይልካል። ድምፁ ከውሃው ጋር በሚጓዙ ጥቃቅን ፍጥረታት ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ የአምቡላንስ ጩኸት ሲቀርብና ሲርቅ እንደሚለዋወጥ ሁሉ፣ ቃናው ይለወጣል። ከዚህም የውሃው ፍጥነት በየጥልቀቱ ይሰላል፤ የመርከቧ የራሷ ፍጥነት በጂፒኤስ ተለክቶ ይቀነሳል።

2. የጨዋማነት፣ የሙቀትና የጥልቀት መለኪያ፦ በገመድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዙሪያው ያሉት ጠርሙሶች ከተለያየ ጥልቀት ውሃ ይቀዳሉ።

3. የባሕር ወለል ካርታ ማንሻ፦ በብዙ የድምፅ ጨረሮች የገደሉን ቅርጽ ያሳያል።

ችግሩ

የጅረት መለኪያው ጨረሮች በሰያፍ ይወርዳሉ፤ ስሌቱም ሁሉም አንድ ዓይነት ፍሰት እንዳገኙ ይቆጥራል። ገደል አጠገብ ግን አንዱ ጨረር አለት ሲመታ ሌላው ጥልቁን ውሃ ያያል። ከወለሉ የሚመለሰው ኃይለኛ ማሚቶም በአለቱ አቅራቢያ ያለውን ውሃ ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ጅረቱ ከማዕበል መውጣትና መውረድ ጋር በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አልፎ መለካት አይበቃም፤ መርከቧ በዚያው መስመር ትመላለሳለች፣ ወለሉ ላይም መለኪያዎች ይተከላሉ።

«ሜቴዎር» የተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1999 በባሕረ ሰላጤውና በሰሜን ቀይ ባሕር የውሃውን ጅረት ለክታለች። ወላጆቻችን በጨለማ ያቋረጡትን ባሕር ልጆቻችን በእነዚህ መሣሪያዎች ሊያጠኑት ይችላሉ።