የምድር ባቡር ፖስት ካርዶችና ያልተጻፈው ስም



ለዘንድሮው መጽሔት ስለ አሮጌ የባቡር ፖስት ካርድ እንጽፋለን ስንል የሳቁብን አሉ። «ለእድር መጽሔት ይህ ምን ይፈይዳል?» ያሉንም አሉ፤ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ጡረታ ከወጣን ወዲህ ሦስት አራት ሆነን ይህን ካርድ ስንለቃቅም ከርመናል። ነገሩም ከእድር ሥራ የራቀ አለመሆኑን ወደ ታች ወረድ ስንል እናሳያለን።

ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ በዓለም ላይ እንደ ጉድ የተሠራጨው በእኛ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ነው። የባቡር ኩባንያዎችም ጥቅሙ ቶሎ ገባቸው። በእንግሊዝ አገር የለንደንና ሰሜን ምዕራብ ባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የራሱን ካርድ እያሳተመ፣ ስድስቱን በአንድ ላይ በሁለት ፔኒ ይሸጥ ነበር። ብልኃቱን ተመልከቱ። ካርዱ ለኩባንያው ማስታወቂያ ነው፤ ግን ገንዘብ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው፤ ቴምብር ለጥፎ ለዘመዱ የሚልክለትም ያው ተሳፋሪው ነው!

ወደ እኛው ባቡር እንምጣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለሙሴ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ቀረባት፤ በዚያው ሰበብ ድሬዳዋ ከሜዳ ላይ ከተማ ሆና በቀለች። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ፤ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

በዚህ መስመር ላይ የሚገኘው ካርድ ሁሉ ኩባንያው ያሳተመው ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ። አብዛኛውን ያሳተሙት በጅቡቲና በአዲስ አበባ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴዎችና ፎቶ አንሺዎች ናቸው፤ ከነሱም ውስጥ አርመኖች ነበሩበት። የአሳታሚው ስም ብዙውን ጊዜ በጀርባው ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ፣ ካርድ ስታገኙ ሥዕሉን ብቻ ዓይታችሁ አታስቀምጡት፤ ገልብጡት።

ድሬዳዋና አዋሽ በካርድ ላይ የበዙበት ምክንያት ያለው ይመስለናል። ድሮ ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ማታ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መንገደኛ ታዲያ ምን ያደርጋል? ካርድ ገዝቶ ይጽፋል።

የካርዱን ዕድሜ ማወቅ ከሁሉ የሚጣፍጠው ሥራ ነው። የጥንቶቹ ካርዶች ጀርባ ለአድራሻ ብቻ ነበር፤ መልእክቱ በፊት በኩል በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ተጣቦ ይጻፋል። ፈረንሳዮች ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለመልእክት የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ቴምብሩን ማየት ነው። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ከወሰናችን ውጭ ስለማይሠራ፣ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ካርድ የምኒልክን ቴምብር ለጥፎ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበታል። እንዲህ ያለ ሁለት ቴምብር የተጎራበተበት ካርድ ያገኘ ሰው አጥብቆ ይያዘው።

የለገሃር ካርድ ደግሞ ወጥመድ አለው። ዛሬ የምናውቀው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው፤ በፊቱ ያለው የሞዓ አንበሳ ሐውልት ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል ቆመ። እንግዲህ አንበሳው የሌለበትን ካርድ ያየ ሰው «ከ1923 በፊት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ጣሊያን አንበሳውን ነቅሎ ሮማ ወስዶት ነበር፤ የተመለሰውም በ1960 ዓ.ም. ግድም ነው። ስለዚህ አንበሳው የሌለበት ካርድ የመጀመሪያው ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ያ ሁሉ የስደት ዘመን። አውቶሞቢሉን፣ የሰዉን አለባበስ አይቶ መለየት ነው።

ካርዶቹ ለምን በብዛት በእኛ ዘንድ እንደማይገኙ ደግሞ ግልጽ ነው። የገዛቸው ፈረንጅ ነው፣ የላካቸውም ወደ አገሩ ነው። በዚህ የተነሣ የእኛን ድልድይና የእኛን ጣቢያ የሚያሳየው ካርድ ዛሬ የሚሸጠው ፓሪስ ነው። እኛም ካሉን ውስጥ የሚበዙትን ያገኘናቸው ውጭ አገር ያሉ የአባላት ልጆች ገዝተው በሰው እጅ ልከውልን ነው። ዕድሜ ይስጣቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ጽሑፋቸውን ስናነብ አንድ ነገር ከነከነን። ድልድዩ ስም አለው፣ ሆልሆል ይላል። ጣቢያው ስም አለው። ወንዙ ስም አለው። ሰዉ ግን ስም የለውም። በሐዲዱ ዳር አካፋ ይዞ የቆመው፣ ሻንጣ ተሸክሞ ያጎነበሰው፣ «ተወላጆች» ወይም እንዲሁ «ሠራተኞች» ተብሎ ታልፏል። አፋሩ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ከየመን የመጣው ዓረብ ሁሉም በአንድ ቃል ተጠቅልሏል። አሳታሚውን አንወቅስም፤ ሥዕሉን የሚገዛው መንገደኛ ስማቸውን አይጠይቀውማ! ግን እኮ እነዚህ ሰዎች በየቤታቸው ስም ነበራቸው፣ ሲሞቱም ያለቀሰላቸው ነበር።

ከኛው መካከል የሆነውን እንንገራችሁ። በባቡር ሥራ ያረጁ አንድ አባታችን አርፈው፣ ከአርባቸው በኋላ ቤት ሲጸዳ አንድ ካርቶን ወረቀት ለቆራሌው ተሰጠ። ከውስጡ ወድቆ በረንዳ ላይ የቀረውን ልጃቸው አነሣው። ፎቶ አንሺ በፖስት ካርድ ወረቀት ላይ ያተመው ኖሮ፣ በድሬዳዋ ወርክሾፕ ፊት የቆሙ አምስት ሰዎች ያሉበት ካርድ ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ሟቹን እኛው አወቅናቸው። ለሌላ የባቡር ጡረተኛ ብናሳያቸው ሁለቱን ጨምረው ነገሩን፤ አንደኛው ብረት ቀጥቃጭ፣ አንደኛው ከናፍጣው ባቡር በፊት እሳት ማገዶ የነበሩ። ሦስቱን በእርሳስ ጻፍናቸው። የቀሩትን ሁለቱን «ቆይ፣ አስቤ እነግራችኋለሁ» አሉን። በሁለተኛው ወር የእሳቸውንም ድንኳን ተከልን።

የካርቶኑን ነገር ስናስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። ቆራሌው ምን ያድርግ? በኪሎ ነው የገዛው። እኛ እድርተኞች የአባልን ስም፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የወላጆቹን ስም በመዝገብ አስፍረን የምንይዝ ሰዎች ነን። አንድ ስም በመዝገቡ ላይ ቢሳሳት በቀብር ቀን የሚመጣውን ጭቅጭቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህን ያህል ለስም የሚጠነቀቅ ሰው የአባቱን ካርድ ጀርባውን ባዶ አድርጎ ለምን ያስቀምጣል?

ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በሌላ ሐዲድ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከከተማ ውጭ ነው። በአሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተሳፈረ፣ ከመኤሶ ሴቶች በመስኮት ምን እንደሚሸጡለት የሚያስታውስ ሰው ከየአንዳንዱ ሰፈር እየተቀነሰ ነው።

ስለ አያያዙ ጥቂት እንበል። በጀርባው ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። ሙጫ አትቀቡት፤ የቴምብሩም የማኅተሙም ወሬ ተለጥፎ ይቀራልና። ቴምብሩን ብቻ ቆርጦ የሚወስድ ልጅ ካለ ቀስ ብላችሁ አስተዉት። ከግድግዳ ላይ ፀሐይ ያገረጣዋል፤ የብስኩት ቆርቆሮ ይሻላል። አሮጌ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁን በማጉያ መነጽር እዩት፤ ከአዲስ ማተሚያ የወጣ ከሆነ ሥዕሉ በተደረደሩ ነጥቦች የተሞላ ነው። ነጥብ ያለበት ሁሉ ግን አዲስ አይደለም፤ ወረቀቱንም ዳስሱ።

በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን ከገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ አጠገብ እንቀመጣለን። የባቡር ካርድ፣ የባቡር ፎቶግራፍ ያለው ይዞ ይምጣ፤ አዛውንትም ካሉት ደግፎ ያምጣቸው። ካርዱን አንወስድም። ስሙን በደብተር ጽፈን፣ በጀርባውም በእርሳስ ጽፈን ለባለቤቱ እዚያው እንመልሳለን።